ደም ሲመለስ ልብ ለምን ይጎዳል? እንዴትስ ይጠበቃል?

«ዶክተር፣ የተዘጋው የደም ቧንቧ ተከፍቷል፣ ደሙም ተመልሷል ብላችሁናል። ታዲያ የአባታችን ልብ ለምን ደክሟል ይባላል?»

በልብ ሕክምና ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ከታማሚ ቤተሰቦች ደጋግሞ የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቻችን ደም የተቋረጠበት አካል ደም ካገኘ ይድናል፣ ካላገኘ ይሞታል ብለን እናስባለን። እውነታው ግን ከዚህ ትንሽ ይወሳሰባል። የደም መቋረጥ ልብን ይጎዳል፤ የተቋረጠው ደም በድንገት መመለሱም በራሱ ተጨማሪ ጉዳት ያስከትላል።

ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ አብዛኞቻችን ፈጥነን የፍሪጅና የቴሌቪዥን ሶኬት እንነቅላለን። የምንፈራው ጨለማውን አይደለም፤ መብራቱ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ዕቃውን እንዳያቃጥለው ነው። በልብ ላይ የሚሆነውም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ የልብ ሶኬት በቀላሉ የማይነቀል መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ፣ ተመራማሪዎች ልብን ከዚህ ጉዳት ለመጠበቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት ምን ምን እንደሞከሩ፣ ከተሞከረውም የቱ እንደሠራና የቱ እንዳልሠራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

ልብ ለመላው አካል ደም የሚረጭ ጡንቻ ነው፤ ራሱም ደም ይፈልጋል። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ኮሮናሪ ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱ በግድግዳው ላይ በተጠራቀመ ስብ ከቆሰለ በኋላ ደም ሲረጋበት ይዘጋል። በተለምዶ ሀርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም በአብዛኛው የሚከሰተው በዚህ መንገድ ነው።

ቧንቧው ሲዘጋ ጡንቻው በአንድ ጊዜ አይሞትም። እ.ኤ.አ. በ1977 ራይመርና ጄኒንግስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ባደረጉት ጥናት ሞቱ ከልብ ግድግዳ ውስጠኛ ክፍል ተነስቶ እንደ ማዕበል ወደ ውጭ እንደሚጓዝ አሳይተዋል። ቧንቧው ለ40 ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት ደም ከተቋረጠበት የግድግዳ ክፍል 38 በመቶ ገደማ ሞቶ ተገኘ። ለ3 ሰዓት ሲዘጋ 57 በመቶ፣ ለ6 ሰዓት ሲዘጋ 71 በመቶ፣ ሳይከፈት ሲቀር ደግሞ 85 በመቶ ገደማ ሞተ።

ከዚህ የምንረዳው ደሙን መመለስ ግዴታ መሆኑን ነው። ደሙ ካልተመለሰ ጡንቻው አይተርፍም። ይሁን እንጂ ደሙ እስኪመለስ ድረስ በሕይወት ከቆዩት ሕዋሳት ከፊሎቹ ደሙ ከተመለሰ በኋላ ይሞታሉ። በሕክምናው ቋንቋ ሪፐርፊዩዥን ኢንጁሪ የሚባለው ይህ ነው። እዚሁ ስማቸው የተጠቀሰው ጄኒንግስና ባልደረቦቻቸው በ1960 ባወጡት ጽሑፍ ደም በተመለሰለት ጡንቻ ላይ ልዩ ዓይነት የመሰባበር ምልክት መታየቱን ገልጸው ነበር። በ2007 የሎንዶኖቹ የለንና ሃውዘንሎይ የእንስሳት ጥናቶችን መሠረት አድርገው እንደጻፉት፣ በመጨረሻ ሞቶ ከሚገኘው የልብ ጡንቻ እስከ ግማሽ የሚደርሰው በዚህ ጉዳት ሳቢያ የጠፋ ሊሆን ይችላል።

በሕዋሱ ውስጥ ምን ይከናወናል?

ደም ሲቋረጥ ሕዋሱ ያለ ኦክስጅን ስኳር እያቃጠለ ጥቂት ጊዜ ይቆያል። ከዚህ የሚወጣው አሲድ በውስጡ ይከማቻል። አሲዱን ለማስወጣት ሲል ሶዲየም ያስገባል፤ ሶዲየሙን ለማስወጣት ሲል ደግሞ ካልሲየም ያስገባል። ደሙ በድንገት ሲመለስ የሚከተሉት ነገሮች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ተከታትለው ይደርሳሉ።

አንደኛ፣ ኦክስጅኑ ለመቀበል ባልተዘጋጀ ሕዋስ ውስጥ በብዛት ይገባና ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነዚህ የሕዋሱን ሽፋን ያበላሻሉ።

ሁለተኛ፣ ካልሲየም ከልክ በላይ ይሞላል። ካልሲየም ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያዝ ንጥረ ነገር ነው። ሲበዛ ጡንቻው ተኮማትሮ መላላት ያቅተውና ይቀደዳል። የካልሲየምን አደገኛነት ዚመርማንና ሁልስማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1966 በአይጥ ልብ ላይ አሳይተዋል፤ ለጥቂት ደቂቃ ካልሲየም የተነፈገ ልብ ካልሲየሙ ሲመለስለት ክፉኛ ተጎድቶ ተገኝቷል።

ሦስተኛ፣ የተከማቸው አሲድ በፍጥነት ይታጠባል። ይህ ጥሩ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አሲዱ እስከዚያ ድረስ ሕዋሱን ከከፋ ነገር ይዞት ነበር። የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። አሲዱ እያለ ይህ ቀዳዳ ዝግ ነው፤ አሲዱ ሲሄድ፣ ካልሲየሙና ፍሪ ራዲካሉም ሲገፉት ይከፈታል። ከተከፈተ ማይቶኮንድሪያው ኃይል ማመንጨት ያቆማል፣ ያብጣል፣ ሕዋሱም ይሞታል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የጉዳቱ ዋና በር ይህ ቀዳዳ ነው ይላሉ።

አራተኛ፣ ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ራሳቸው ያብጣሉ፣ በነጭ የደም ሕዋሳትና በረጋ ደም ፍርፋሪም ይደፈናሉ። በ1974 ክሎነርና ባልደረቦቹ በውሾች ላይ እንዳሳዩት፣ ትልቁ ቧንቧ ለ90 ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት ደሙ ወደ ጥቃቅኖቹ ሥሮች በሚገባ አልደረሰም። ዋናው መንገድ ተከፍቶ የሰፈር ውስጥ መንገዶች ተዘግተው እንደመቅረት ነው።

በታማሚው ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

በአልጋው አጠገብ የምናየው በአራት መልክ ነው። የመጀመሪያው ቧንቧው በተከፈተ ደቂቃዎች ውስጥ የሚመጣ የልብ ምት መዛባት ሲሆን አልፎ አልፎ በኤሌክትሪክ ንዝረት መመለስን ይጠይቃል። ሁለተኛው አሁን የጠቀስኩት የጥቃቅን ሥሮች መደፈን ነው። ሦስተኛው ሕዋሳቱ እስከወዲያኛው የሚሞቱበት ነው።

አራተኛውን ለይቼ ላብራራው፤ የቤተሰብ ጭንቀት በአብዛኛው ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነውና። ጡንቻው በሕይወት አለ፣ ደምም ያገኛል፣ ግን ለጊዜው ደንዝዞ በደንብ አይኮማተርም። ብራውንዋልድና ክሎነር በ1982 ይህን የደነዘዘ ልብ ብለው ሰይመውታል። መደንዘዙ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተነሳ አልትራሳውንድ «ልቡ ደክሟል» ቢባል የመጨረሻ ፍርድ አድርጎ መውሰድ አይገባም። ምርመራው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲደገም የተሻለ ውጤት የሚያሳዩ ታማሚዎች ብዙ ናቸው። እስከዚያ ግን የታዘዘውን መድኃኒት ማቋረጥ አይቻልም።

ልብን «ማለማመድ»

በ1986 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ መሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር ያወጡት ጥናት ዘርፉን ቀየረው። ተመራማሪዎቹ የውሾችን የልብ ቧንቧ አራት ጊዜ ለአምስት አምስት ደቂቃ እየዘጉ በመካከሉ ለአምስት ደቂቃ ይከፍቱት ነበር። ከዚያ በኋላ ለ40 ደቂቃ ዘጉት። ቀድሞ የተንገላታ ልብ ይበልጥ ይጎዳል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። የተገኘው ግን ተቃራኒው ሆነ፤ የሞተው ጡንቻ መጠን ካልተለማመዱት ውሾች ጋር ሲነጻጸር ሩብ ብቻ ነበር። ልብ በትንሽ ችግር ተለማምዶ ትልቁን ችግር መቋቋም እንደሚችል ታወቀ።

ችግሩ ሀርት አታክ ቀጠሮ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ከመምጣቱ በፊት ልብን ማለማመድ አይቻልም። በ2003 በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ዣኦ፣ ቪንተን ዮሃንሰንና ባልደረቦቻቸው ለዚህ መልስ አቀረቡ። ማለማመዱን ቧንቧው ከተከፈተ በኋላ አደረጉት፤ ደሙን በአንዴ ከመልቀቅ ይልቅ ለ30 ሰከንድ እየለቀቁ፣ ለ30 ሰከንድ እየዘጉ ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። ይህም ጉዳቱን ቀነሰ። በ2005 በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ኦቪዝና ባልደረቦቹ ዘዴውን በ30 ታማሚዎች ላይ ሞከሩት። ቧንቧውን በፊኛ ከከፈቱ በኋላ ፊኛውን ለአንድ አንድ ደቂቃ አራት ጊዜ እየነፉ አስተነፈሱት። ከተጎዳው ልብ ወደ ደም የሚወጣው ኢንዛይም በ36 በመቶ ቀነሰ።

ተስፋው ትልቅ ነበር። ነገር ግን በዴንማርክ 1,234 ታማሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2017 የወጣው ጥናት ዘዴው ሞትንም ሆነ በልብ ድካም ሆስፒታል መግባትን በተጨባጭ እንደቀነሰ ማሳየት አልቻለም።

ከክንድ ወደ ልብ

ሌላው መንገድ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በ1993 ፕርዚክለንክና ባልደረቦቿ በአንድ የልብ ቧንቧ ላይ የተደረገ ልምምድ በሌላ ቧንቧ የሚመገበውን ጡንቻም እንደሚጠብቅ አሳዩ። ከዚያ በኋላ ልምምዱን ከልብ ርቆ በክንድ ወይም በእግር ላይ ማድረግም እንደሚቻል ተገኘ። የሚያስፈልገው የደም ግፊት ሲለካ በክንድ ላይ የሚጠመጠመው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ ተነፍቶ ደም ይከለክላል፣ ለአምስት ደቂቃ ይለቀቃል፣ ይህም አራት ጊዜ ይደገማል። በ2010 የዴንማርኩ ቦትከርና ባልደረቦቹ ዘዴውን በ333 ታማሚዎች ላይ፣ ወደ ሆስፒታል በሚጓዝ አምቡላንስ ውስጥ ሞክረው ከአደጋው የተረፈው ጡንቻ መጠን መጨመሩን አስታወቁ።

ርካሽ፣ ቀላልና ጉዳት የሌለው ዘዴ በመሆኑ እንደኛ ላሉ አገሮች የተፈጠረ ይመስል ነበር። ሆኖም በ2015 በአንድ ላይ የታተሙ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች፣ አንዱ በብሪታንያ 1,612፣ ሌላው በጀርመን 1,385 የልብ ቀዶ ሕክምና ታማሚዎችን የያዙ፣ ምንም ጥቅም አላገኙም። በ2019 ደግሞ በብሪታንያ፣ በዴንማርክ፣ በስፔይንና በሰርቢያ ከ5,000 በላይ የሀርት አታክ ታማሚዎችን የያዘው ጥናት ውጤት ወጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ ምክንያት የሞቱት ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡት ዘዴው ከተደረገላቸው 9.4 በመቶ፣ ካልተደረገላቸው 8.6 በመቶ ሆኑ። በስታትስቲክስ ልዩነት የለውም ማለት ነው።

መድኃኒቶቹስ?

የማይቶኮንድሪያው ቀዳዳ እንዳይከፈት ያደርጋል የተባለው ሳይክሎስፖሪን በ2008 በፈረንሳይ በ58 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ሰጥቶ ነበር። በ2015 በ970 ታማሚዎች ላይ ሲደገም ግን ጥቅም አልተገኘበትም። ፍሪ ራዲካልን የሚያጠፋው ሱፐርኦክሳይድ ዲስሚዩቴዝም በ1994 በ120 ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ልብን አላሻሻለም። ዛሬ በየሱቁ «አንቲኦክሲደንት ነው፣ ልብ ይጠብቃል» እየተባለ የሚሸጠውን እንክብል የሚገዙ አንባብያን ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ንጹሑ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ ያልሠራውን፣ የተፈጨ ቅጠል በእንክብል ይሠራዋል ብሎ ለማመን ምክንያት የለኝም።

ኦክስጅንም ሌላ ትምህርት ሰጥቶናል። ለሀርት አታክ ታማሚ ሁሉ ኦክስጅን መስጠት ለዘመናት የተለመደ ነበር። በ2015 በአውስትራሊያ የወጣ ጥናት ኦክስጅን ሳይጎድላቸው በተሰጣቸው ታማሚዎች ላይ የተጎዳው ጡንቻ ሰፍቶ እንደተገኘ አመለከተ። በ2017 በስዊድን 6,629 ታማሚዎችን የያዘው ጥናት ደግሞ ሞትን እንደማይቀንስ አረጋገጠ። ዛሬ ኦክስጅን የሚሰጠው በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከ90 በመቶ በታች ለወረደ ሰው ነው። ሐኪሙ «ኦክስጅን አላደረገለትም» ብላችሁ እንዳትቀየሙ።

ተስፋው ለምን ከሸፈ?

በእኔ እምነት ምክንያቶቹ አራት ናቸው። የላቦራቶሪ እንስሳት ወጣትና ጤነኞች ሲሆኑ፣ የእኛ ታማሚዎች በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ናቸው፤ ስኳርና እርጅና ደግሞ የልብን የመለማመድ ችሎታ ይቀንሳሉ። ታማሚዎቹ የሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶችና ለቀዶ ሕክምና የሚሰጡት አንዳንድ ማደንዘዣዎች የራሳቸው ተጽዕኖ አላቸው። በሠለጠኑት ማዕከላት ቧንቧው ቶሎ ስለሚከፈት ለተጨማሪ ጥበቃ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው። በመጨረሻም በትንሽ ጥናት ላይ የሚገኝ ደማቅ ውጤት ብዙ ጊዜ በትልቅ ጥናት ይደበዝዛል። በ30 ወይም በ58 ሰው ላይ የታየን ነገር ይዞ ዜና ማድረግ ሳይሆን መጠበቅ ይሻላል።

የተረጋገጠው ጥበቃ አንድ፤ በቀዶ ሕክምና

ልብ ሲከፈት ደም በማሽን ይዞርና ልብ እንዲቆም ይደረጋል። ይህ የልብ ሶኬት የሚነቀልበት ብቸኛ ቦታ ነው። በ1955 በሎንዶን ሜልሮዝ የተባሉት ሐኪም ልብን በፖታሲየም ማቆም እንደሚቻል አሳዩ። የተጠቀሙት መጠን ከፍተኛ ስለነበረ ጡንቻውን በመጉዳቱ ዘዴው ለዓመታት ተተወ። በ1975 የሎንዶኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል በሄርስና በብሬምብሪጅ የተዘጋጀውን፣ መጠኑ የተስተካከለውን ፈሳሽ ሥራ ላይ አዋለ። ካርዲዮፕሌጂያ ይባላል። ፈሳሹ ቀዝቃዛ ነው፤ ልብ ስለማይመታና ስለሚቀዘቅዝ የሚያቃጥለው ኃይል እጅግ ይቀንሳል። በኋላም አሜሪካዊው ባክበርግ ፈሳሹን ከደም ጋር ማቀላቀልንና ደሙ ሲመለስ ግፊቱንና ይዘቱን መቆጣጠርን አስፋፉ።

በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ማዕከልም ሆነ በሌላው ዓለም ልብ ቆሞ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና በዚህ መርሕ ላይ የቆመ ነው። በቶንሲል ትኩሳት ሳቢያ የልብ በራቸው የተበላሸ ወጣቶቻችን በሰው ሠራሽ በር ወደ ቤታቸው የሚመለሱት፣ ልባቸው ቆሞ ደም ሲመለስለት እንዳይጎዳ አስቀድሞ ስለሚጠበቅ ነው።

የተረጋገጠው ጥበቃ ሁለት፤ ጊዜ

ለሀርት አታክ ግን እስከዛሬ ከጊዜ የበለጠ መድኃኒት አልተገኘም። በ1986 የወጣው የጣሊያኑ ጂሲ ጥናት ከ11,000 በላይ ታማሚዎችን ይዞ ነበር። የረጋ ደም የሚያሟሟው ስትሬፕቶካይኔዝ የተሰጣቸው በ21 ቀን ውስጥ 10.7 በመቶ፣ ያልተሰጣቸው 13 በመቶ ሞተዋል። ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ባገኙት ላይ ግን ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሷል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። በ1988 ደግሞ ከ17,000 በላይ ታማሚዎችን የያዘ ጥናት አስፕሪን ብቻውን በአምስት ሳምንት ውስጥ ሞትን በ23 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ቧንቧው ሲከፈት የሚደርሰው ጉዳት በእነዚህ ታማሚዎችም ላይ ነበረ፤ ሆኖም ቶሎ መክፈት ከጉዳቱ እጅግ በልጧል። ብዙ ጡንቻ ሳይሞት ከተከፈተ ደም ሲመለስ የሚደርሰው ጉዳትም አነስተኛ ነው።

ለዚህም ነው መመሪያዎች ታማሚው ከባለሙያ ጋር በተገናኘ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ እንዲነሳ፣ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱ ከታወቀ በ120 ደቂቃ ውስጥ በፊኛና በስቴንት እንዲከፈት፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ክልከላ እስከሌለ ድረስ የሚያሟሟው መድኃኒት ወዲያው እንዲሰጥ የሚያዝዙት።

አንባቢ ምን ያድርግ?

• ደረት መሃል የሚጫን፣ የሚያጨናንቅ፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላብ፣ ከማቅለሽለሽ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ «ጨጓራ ነው»፣ «ብርድ መቶኝ ነው» ብለው አይቆዩ። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ ሕመሙ ላይኖር፣ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊታይ ይችላል።

• «ትንሽ ልተኛበትና ጠዋት እሄዳለሁ» የሚባለው ልማድ ከላይ ያየናቸውን መቶኛዎች አንድ በአንድ የሚያስቆጥር ነው።

• ለአስፕሪን አለርጂክ ካልሆኑና የመድማት ችግር ከሌለብዎ ከ150 እስከ 300 ሚሊ ግራም አኝከው ይዋጡ። መኪና ራስዎ አይንዱ።

• ኢሲጂ ወደሌለው ክሊኒክ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ቧንቧ በፊኛ የሚከፍቱ ሆስፒታሎች በአገራችን ጥቂት ስለሆኑ፣ ለቤትዎና ለመሥሪያ ቤትዎ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ፣ ሌሊትና እሑድ እንደሚሠራም ዛሬውኑ ጠይቀው ይወቁ።

• የደም ግፊት መለኪያውን በክንድዎ ላይ እየነፉ ልብዎን በቤትዎ «ለማለማመድ» አይሞክሩ። ጥቅሙ አልተረጋገጠም፤ የሚያባክነው ደቂቃ ግን እርግጠኛ ነው።

• ሲጋራን መተው፣ ደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ኮሌስትሮልን ማስመርመር ቧንቧው መጀመሪያውኑ እንዳይዘጋ ያደርጋል።

ምርምሩ አልቆመም፤ ምናልባት አንድ ቀን ከስቴንቱ ጋር አብሮ የሚሰጥ ጠባቂ መድኃኒት ይገኝ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ደም ሲመለስ ልብ ምን ያህል ይጎዳል የሚለውን በእጅጉ የሚወስነው ሕመሙ በጀመረበትና ታማሚው ሆስፒታል በደረሰበት ሰዓት መካከል ያለው ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ ማሳጠር ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ በታማሚውና በቤተሰቡ እጅ ያለ ነው።

መልካም ጤንነት!